ጥያቄና መልስ፦ ኮሎኔል፣ ካፒቴን፣ አድሚራል፣ ማን ከማን ይበልጣል?

በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይልና በአየር ኃይል ማዕረጎች ላይ ግር ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ስለመጣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በዜና አንዱ «ካፒቴን» ትልቅ የጦር መርከብ ያዛል፤ ሌላው «ካፒቴን» ደግሞ መቶ ምናምን ወታደር ብቻ ይመራል። እኩል ናቸው?

መልስ፦ በፍጹም። የምድር ጦሩ ካፒቴን እኛ ሻምበል የምንለው ነው። የባሕር ኃይሉ ግን የኮሎኔል እኩያ ስለሆነ በሦስት ደረጃ ይበልጠዋል። በኔቶ የመኮንኖች አመዳደብ (ቁጥሩ ሲጨምር ማዕረጉም ከፍ ይላል) ሻምበል «ኦኤፍ 2»፣ የባሕር ኃይል ካፒቴን ደግሞ «ኦኤፍ 5» ነው። በአሜሪካ የኮሎኔሉም የባሕር ኃይል ካፒቴኑም ምልክት ያው የብር ንስር ነው። እጅጌውን ብታዩ ይበልጥ ይለያል፤ የባሕር ኃይል ካፒቴን አራት የወርቅ መስመር ሲኖረው የሻምበል እኩያ የሆነው የባሕር ኃይል ሌተና ሁለት ብቻ ነው ያለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ መርከብ የሚያዝ መኮንን ማዕረጉ ዝቅ ያለ ቢሆንም ባሕረኞቹ «ካፒቴን» ይሉታል። ያ የኃላፊነቱ መጠሪያ እንጂ ማዕረጉ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሜጀር (ሻለቃ) ከሌተና ይበልጣል። ታዲያ ሜጀር ጄኔራል ከሌተና ጄኔራል ለምን ያንሳል?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ይህ ነው። ድሮ በአውሮፓ ጦር ውስጥ የጄኔራሉ ምክትል ሌተና ጄኔራል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ «ሳጅን ሜጀር ጄኔራል» ይባል ነበር። በጊዜ ብዛት «ሳጅን» የሚለው ወድቆ «ሜጀር ጄኔራል» ብቻ ቀረ። ከሻለቃ ጋር ማወዳደሩ ነው የሚያሳስተው።

ጥያቄ፦ የአየር ኃይል ማዕረግ በአንዱ አገር «ኮሎኔል»፣ በሌላው «ግሩፕ ካፕቴን» የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አየር ኃይሉ እንዴት እንደተወለደ ይወስነዋል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሚያዝያ 1918 እ.ኤ.አ. የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ የአየር ክፍሎች ተዋህደው የተመሠረተ ነው። መጀመሪያ በምድር ጦር ማዕረግ ቆይቶ በ1919 የራሱን ስያሜ አወጣ፤ ሕንድና ፓኪስታንም ይህንኑ ይዘዋል። የአሜሪካው በ1947 ከምድር ጦሩ ሲለይ ግን ማዕረጎቹን እንዳሉ ይዞ ወጣ። በእንግሊዙ ሥርዓት «ማርሻል» በሚለው ቃል እንዳትታለሉ፦ ኤር ማርሻል የሌተና ጄኔራል እኩያ ሲሆን የምድር ጦሩ የመጨረሻ ከፍተኛ ማዕረግ የሆነው ፊልድ ማርሻል ከእሱ ሁለት ደረጃ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትከሻው ላይ ያለውን ኮከብ ቆጥሬ መለየት አልችልም?

መልስ፦ በአንድ አገር ጦር ውስጥ ከሆነ ይቻላል፤ አገር ሲለወጥ ግን ጉድ ይሠራችኋል። በአሜሪካ ብርጋዴር ጄኔራል አንድ ኮከብ አለው፤ በፈረንሳይ ሁለት። ስለዚህ የፈረንሳዩ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል የአሜሪካው ባለ አራት ኮከብ እኩያ ነው። የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት የደጎልን ፎቶግራፎች ልብ ብላችሁ እዩ፤ አገር የመሩት ሰው ቆባቸው ላይ ሁለት ኮከብ ብቻ ነው ያለው። ብርጋዴር ጄኔራል ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ማዕረግም አልወሰዱም። ሩሲያ ደግሞ ብርጋዴር ጄኔራል የሚባል የላትም። የኮሎኔሉ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች ወርደው በሜጀር ጄኔራልነቱ አንድ ትልቅ ኮከብ ይተካል።

ጥያቄ፦ ኮሞዶር (ከባሕር ኃይል ካፒቴን በላይ ያለው ማዕረግ) አድሚራል ነው?

መልስ፦ በእንግሊዝ አይደለም። የምድር ጦሩ ብርጋዴራቸውም ከጄኔራሎቹ አይቆጠርም፤ ኮሞዶርና ብርጋዴር እኩያ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኩል ማዕረግ ያላቸው የምድር ጦርና የባሕር ኃይል መኮንኖች ቢገናኙ ማን ይቀድማል?

መልስ፦ በአብዛኛው ማዕረጉን ቀድሞ ያገኘው። ታኅሣሥ 1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ባለ አምስት ኮከብ ማዕረግ ስትሰጥ ቀኖቹ እንዴት እንደተደረደሩ ተመልከቱ፦ አድሚራል ሌሂ በ15፣ ጄኔራል ማርሻል በ16፣ አድሚራል ኪንግ በ17፣ ጄኔራል ማክአርተር በ18፣ አድሚራል ኒሚትዝ በ19፣ ጄኔራል አይዘንሃወር በ20፣ ጄኔራል አርኖልድ በ21። ከአርኖልድ በቀር አንድ ቀን ለባሕር ኃይሉ፣ አንድ ቀን ለምድር ጦሩ እየተባለ ነው የሄደው። ቀዳሚነት ግን ማዘዝ ማለት አይደለም። ማክአርተር ኒሚትዝን በአንድ ቀን ይቀድመዋል፤ ሆኖም በፓስፊክ ጦርነት ሁለቱም የየራሳቸው ቀጠና አዛዥ ስለነበሩ ማክአርተር ለኒሚትዝ ትእዛዝ መስጠት አይችልም ነበር።