የአባቴ ደም ግፊት ለእኔም ይተርፈኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። አባቴ ገና በ52 ዓመቱ ስትሮክ መትቶት አረፈ። እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። አሁን ደግሞ የ28 ዓመቱ ወንድሜ “ግፊት አለብህ” ተባለ። እኔ ሥጋ አልበላም፣ ወፍራምም አይደለሁም። በዘራችን ካለ መጠንቀቁ ምን ይፈይዳል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

አዎ፣ ደም ግፊት ይወረሳል። በሰዎች መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ይገመታል። ግን ግፊትን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል ያለው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ከግፊት ጋር የተያያዙ ከ1,000 በላይ የዘረመል ቦታዎች ታውቀዋል፤ የአብዛኞቹ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። የሚያስቸግሩት ሲደማመሩ ነው።

ስለዚህ ከወላጆችዎ የወረሱት ተጋላጭነቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ኩላሊትን እንይ። የአንዳንዱ ሰው ኩላሊት ትርፍ ጨውን ቶሎ ያስወጣል። የሌላው ግን ያስቀረዋል። ጨው ሲቀር ውኃም አብሮ ይቀራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። እንዲህ ዓይነት ኩላሊት የወረሰ ሰው ጨው ሲቀንስ ከሌላው የበለጠ ይጠቀማል። መጠንቀቁ የሚፈይደው ለዚህ ነው።

ሥጋ አለመብላትዎ ከጨው አያድንዎትም። ሽሮውም በርበሬውም ጨው ገብቶበት ይፈጫል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ባልትና ሲያዘጋጁ ያለ ጨው ያስፈጩ፣ መጠኑን ድስቱ ላይ ይወስኑ።

የወንድምዎ ነገር ግን ያሳስበኛል። በ28 ዓመት ግፊት ሲገኝ “የዘር ነው” ብሎ መተው አይገባም። የኩላሊት ችግር ወይም አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን መብዛት ሊኖር ይችላል። እንደ ሊድል ሲንድረም ያሉ፣ በአንድ ዘረመል ለውጥ ብቻ የሚመጡም አሉ። ብርቅ ናቸው፤ ግን የሚታከሙበት መድኃኒት ከተለመደው ይለያል። ቢያንስ የሽንት፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ይጠይቅ።

እርስዎም በዚህ ሳምንት ይለኩ። ምንም ስላላመመኝ ደህና ነኝ አይበሉ፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ብለው ይቀመጡ፣ ሲለኩ አያውሩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም። ደህና ከሆነም በየዓመቱ ይለኩ።

እናትዎን ደግሞ አደራ። ግፊቴ ወረደ ወይም ሽፈራው ጀመርኩ ብለው ክኒኑን እንዳያቆሙ። የወረደው ክኒኑን ስለሚወስዱ ነው፤ ሲያቆሙ ተመልሶ ይወጣል።