የአሜሪካው ሉፒን ሱሉልታ ላይ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአትክልት አምድ አዘጋጆች። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ከዓመት ዓመት የሚቆይ የዱር ሉፒን ዘር አመጣችልኝ፤ ፓኬቱ ላይ «ሉፒነስ ፔሬኒስ» ይላል። ሰኔ ላይ 20 ፍሬ ዘርቼ 3 ብቻ በቀሉ። አመድና ፍግ እያለበስኩ ተንከባከብኳቸው፤ ነሐሴ ላይ ግን ቢጫ ሆነው ሞቱ። ገና ግማሽ ፓኬት አለኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ከግብጦስ በምን ይለያል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ግብጦ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ግን ዘር ሰጥቶ በዚያው ዓመት ይደርቃል። የግብጦ ፍሬ ነጭ፣ ጠፍጣፋና አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን የእርስዎ ዘር የምስር ያህል ትንሽ መሆን አለበት። ፓኬቱን ብቻ አይመኑ። በዚህ ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሌላው ዘመዱ፣ ሉፒነስ ፖሊፊለስ፣ ሆኖ ይገኛል። ቅጠሉ እንደተዘረጋ መዳፍ ስለሆነ ጣቶቹን ይቁጠሩ። ፔሬኒስ ከ7 እስከ 11 ጣት አለው፤ ቁመቱም ከ60 ሳንቲሜትር ብዙ አያልፍም። ፖሊፊለስ እስከ 17 ጣት ያወጣል፤ ከ1 ሜትር በላይም ይቆማል። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት በመዳፋቸው መሃል አንዲት የጤዛ ጠብታ ይይዛሉ፤ ይህን ግን ግብጦም ያደርገዋል፣ ለመለያ አይሆንም።

17ቱ ያልበቀሉት ሞተው ላይሆን ይችላል። ቆዳቸው ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። እያንዳንዱን ፍሬ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጎኑ እስኪደበዝዝ ብቻ ይፈትጉት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ለ24 ሰዓት ይንከሩ። ያበጠው ዝግጁ ነው፤ ያላበጠውን እንደገና ይፈትጉ። ያበጡትን በእርጥብ አሸዋ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን) 10 ቀን ያቆዩ።

ቢጫነቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ይመስሉናል። አንዱ አመዱ ነው። ሉፒን አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ አመድና ኖራ አሲዱን ስለሚሰብሩ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ደም ሥሩ ግን አረንጓዴ ይቀራል። ሁለተኛው የሱሉልታ ጥቁር አፈር የሚያቁረው የክረምት ውኃ ነው። በዚህ የተጎዳው ከታች ቅጠሉ ይጀምራል፤ ሲነቅሉትም ሥሩ ቡናማና ሙልጭልጭ ነው። ይህ ተክል በአገሩ፣ ከኒው ዮርክ እስከ ዊስኮንሲን፣ አሸዋማ መሬት ላይ የሚበቅል ነው። እዚያ የካርነር ብሉ ቢራቢሮ አባ ጨጓሬ ከእርሱ ቅጠል ሌላ አይበላም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሰኔን ይተዉት፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ ይዝሩ። መደቡን 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉና ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ የወንዝ አሸዋ ይሙሉት። ፍግ አያስፈልግም፤ ቅጠል ያበዛል፣ አበባ ያስቀራል። ጥልቀቱ 1 ሳንቲሜትር፣ በተክሎቹ መካከል 40 ሳንቲሜትር ይሁን። ዋናው ሥር ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድና መነካት ስለማይወድ ችግኝ ከማዛወር እዚያው መዝራት ይሻላል። በበጋ በሳምንት አንዴ፣ ግን ጠለቅ አድርገው ያጠጡ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሉፒን ናይትሮጂን የሚያገኘው ሥሩ ላይ በሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ የባቄላው ወይም የአተሩ ባክቴሪያ አይሆነውም። ጤነኛ ግብጦ ከበቀለበት ማሳ፣ ከሥሩ አካባቢ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አግኝተው መደቡ ላይ ቢቀላቅሉ ይበቃል። ከወራት በኋላ ሥሩ ላይ ያለውን እብጠት ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሠርቷል።

በመጀመሪያው ዓመት አበባ አይጠብቁ። በአገሩ ረጅም የክረምት ብርድ ስር የሚተኛ ተክል ስለሆነ፣ የሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያንን ሙሉ በሙሉ አይተካለትም። ያደገው ፖሊፊለስ ሆኖ ካገኙት ደግሞ አበባው እንደረገፈ፣ ቆባው ሳይደርቅ ይቁረጡት። የደረቀ ቆባ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ በዚህ መንገድ ኒውዚላንድ ውስጥ የወንዝ ዳርቻዎችን ወርሯል።

ጥያቄ፦ የዚህ ሉፒን ፍሬ እንደ ግብጦ ተነክሮ ይበላል? ፍየሎችም አሉን። (ከሰበታ)

መልስ፦ አይበላም። ግብጦም ቢሆን የሚበላው ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ፣ ለቀናት ውኃው እየተቀየረ መራራው ከወጣለት በኋላ ነው። መራራው አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው፤ የዱሩም ሉፒን ይህ መርዝ አለው። ከሁሉ የሚብሰው ፍሬውና ቆባው ስለሆነ መደቡን ፍየል በማይደርስበት አጥር ውስጥ ያድርጉት፤ የተረፈውን ዘርም ከሕፃናት ያርቁ።