የጥለቱ ቀለም በስክሪን ላይ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ እኅቴ በቅርቡ ስለምታገባ የሠርጓን ጥሪ ካርድ የምሠራው እኔ ነኝ። ቤተሰቡ የካርዱ ጌጥ ከሀበሻ ቀሚሷ ጥለት ጋር አንድ ዓይነት ቀይ እንዲሆን ይፈልጋል። ጥለቱን በስልክ አንሥቼ በፎቶሾፕ አይድሮፐር (የነኩትን ቦታ ቀለም በሚያነብ መሣሪያ) ስነካው ግን በነካሁት ቁጥር የተለያየ የቀለም ኮድ ይሰጠኛል። ትክክለኛው የትኛው ነው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከኮዶቹ ስሕተት የሆነ የለም፤ ሆኖም አንዳቸውም ለብቻቸው የጥለቱን ቀለም አይነግሩዎትም። በምስሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠንን ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ይይዛል፤ ቁጥሮቹ የሚናገሩት ግን ክሩ ስለተነከረበት ቀለም ሳይሆን ከክሩ ተንጸባርቆ ካሜራው ውስጥ ስለገባው ብርሃን ነው። ምስሉን በጣም አጉልተው ቢያዩት ብርሃን ያረፈበት ክር ወደ ሮዝ ሲያደላ፣ በክርና በክር መካከል ያለው ቦታ ወደ ጥቁር የተጠጋ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል፤ ዐይን ግን ከሩቅ ሁሉንም አዋሕዶ አንድ ቀይ አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ የአይድሮፐሩን የናሙና ስፋት ከአንድ ነጥብ ወደ 11 በ11 ፒክስል አማካይ ይቀይሩት። ፎቶው በቴሌግራም የመጣ ከሆነ ደግሞ ሲላክ ስለሚጨመቅ የቀለም ዝርዝሩ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል እንዲላክልዎ ይጠይቁ።

በእኔ እምነት ዋናው ችግር ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ ቀይ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ ይህንንም አማካይ መውሰድ አያስተካክለውም። ቀሚሱን በቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ዘርግተው፣ ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበትን ግራጫ ካርድ ከጎኑ አስቀምጠው ያንሡት። ግራጫ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል የሚሆኑበት ቀለም ስለሆነ፣ ግራጫ ካርዱ ላይ ቀይ 140፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 110 ካነበቡ ምስሉ ከልክ በላይ ቀልቷል ማለት ነው። ሦስቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ዋይት ባላንሱን (የምስሉን የቀለም ሚዛን) ያስተካክሉ፤ የጥለቱን ኮድ የሚወስዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህም ሆኖ ኮዱን ብቻ ለማተሚያ ቤት እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ። ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው በብርሃን ሲሆን ማተሚያ ግን ሲያን (ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለሞችን ወረቀት ላይ በማሳረፍ በመሆኑ፣ በስክሪን ደምቆ የታየ ቀይ ሲታተም ሊደበዝዝ ይችላል። ቀሚሱን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ ካርዱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ የሙከራ ኅትመት ያሠሩና ጎን ለጎን ያስተያዩ። በአንድ ብርሃን ተመሳስለው የታዩ ሁለት ቀለሞች በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ በማተሚያ ቤቱ መብራት ሥር ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ወጥተው ይዩአቸው። በሁለቱም ማስማማት ካልተቻለ፣ የጥሪ ካርድ በአብዛኛው በቀን ስለሚታደል በቀን ብርሃን የሚስማማውን ይምረጡ።