ስለ ክሮቼራና ሻፍት የጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ወጥቶ ቡና መጫን ሲጀመር ጅማ ውስጥ ከመኪና ሥር የሚሰማው ጩኸት ይበዛል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። ዛሬ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ጎማ ያለውን ብቻ እመልሳለሁ፤ ሞተር ለሌላ ቀን ይቆየን። ሻፍት ማለት የካምቢዮውን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው፤ ክሮቼራ ደግሞ ሻፍቱ እየዞረ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው።

ጋሼ፣ በአይሱዙ ኤንፒአር ከአጋሮ ጅማ ቡና እጭናለሁ። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ከሥር «ኳ» ይላል። ዲፈረንሻሉ (ከኋላ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው) አልቋል አሉኝ፤ እውነት ነው?

ዲፈረንሻል ከማስፈታትህ በፊት ክሮቼራውን እይ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማውን በታኮ አስይዝ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግና ሥር ገብተህ ሻፍቱን በሁለት እጅህ ወዲህና ወዲያ ጠምዝዘው። ትንሽ ቢዞር አትደንግጥ፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ሁሌም ክፍተት አለው። ዓይንህ የክሮቼራው መስቀልና መስቀሉን የሚይዘው የሻፍቱ ሹካ የሚገናኙበት ላይ ይሁን። አንዱ ተንቀሳቅሶ ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ ክሮቼራው ሞቷል። በመስቀሉ ጫፍ ላይ ባለው ቆብ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህማ አለቀ።

ግን የኤንፒአር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ከካምቢዮው ጀርባ ሻፍቱን እንጂ ጎማውን አይደለም። ሻፍቱን ፈታህ ማለት የእጅ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ያለ ታኮ ሻፍት የሚፈታ ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

ሞርሳ (ብረት ማጥበቂያ) አለኝ፤ ክሮቼራውን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላለህ። ከመፍታትህ በፊት ምልክት አድርግ፤ ፍላንጅ ከፍላንጅ የሚገጥምበትም፣ ሻፍቱ እርስ በርሱ የሚገባበት ጥርስም ላይ። ቀለም በናፍጣ ሲታጠብ ይለቃል፣ በመሮ መጫር ይሻላል። የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልዋሉ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ አንተ ደግሞ ጎማ ባላንስ እያስደረግህ ገንዘብህን ትጨርሳለህ።

ማገቻ ቀለበቶቹን በፒንሳ አውጣ። ከዚያ በአንድ በኩል ከቆቡ የሚያንስ ቡሶላ (ቱቦ መሳይ የብሎን መፍቻ)፣ በሌላው በኩል የሚሰፋ ቡሶላ ይዘህ በሞርሳ ግፋው። አዲሱን ስታስገባ የሚያስቸግሩት በቆቡ ውስጥ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ መርፌዎቹ ናቸው። አንዷ ከወደቀች ቆቡ ሥር ትጋደምና የቀለበቱ ቦይ አይታይህም። «ትንሽ በመዶሻ ብንመታው ይገባል» የሚል ረዳት ካለህ ቡና እንዲያመጣ ላከው። አውጣው፣ መርፌዎቹን በግራሶ አጣብቃቸው፣ እንደገና አስገባ። ሲያልቅ በእጅህ ያለ ትግል መታጠፍ አለበት። ከጠጠረ ቆቡን ሳይሆን ሹካውን መታ መታ አድርገው፣ ይለቃል።

አዲስ የገዛሁት ክሮቼራ ቶሎ ቶሎ ይሞትብኛል። ጥራቱ ነው? ጥያቄው የመጣው ከሰቃ ነው።

የጥራት ልዩነት አለ፣ አልክድም። ግን እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ደርቆ የሞተ ነው። ኒፕል (ግራሶ የሚመታበት ጡት) ያለውን ግዛና አዲሱ ግራሶ በአራቱም ቆብ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ አስመታ። ሦስቱ ወጥቶ አንዱ እምቢ ካለ መኪናውን የሚያቆምብህ ያ አንዱ ነው፤ ሻፍቱን አዙረህ ድገመው። ወንዝ ከተሻገርክ ወይም በፕሬዠር ካሳጠብክ በኋላም እንዲሁ። «ግራሶ ተመትቷል» ሲሉህ ሥር ገብተህ እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚመታው ለእጅ የቀረበው ብቻ ነው።

ቪትዝ ነው የምነዳው። መሪ ሙሉ ስጠመዝዝ ከፊት ቀጭ ቀጭ ይላል።

እህቴ፣ ያንቺ ሲቪ ጆይንት ነው፤ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ ማለት ነው። ላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ወጥቶ አቧራ ገብቶበታል። ድምፅ ሳይጀምር ቢሆን አጥቦ፣ ግራሶ ሞልቶ ላስቲኩን መቀየር ይበቃ ነበር። አሁን ጆይንቱ ራሱ ይቀየር።

ላንድክሩዘር፣ ከዴዶ ስመለስ የኋላ ሻፍት ክሮቼራ ቢሰበርብኝስ?

የተሰበረውን እያንጠለጠልክ አትንዳ፣ መሬት ሊነክስ ይችላል። ታኮ አስገባ፣ የኋላውን ሻፍት ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ጫነው። የፊት ሃቦቹን (በፊት ጎማዎቹ መሃል ያሉትን መቆለፊያዎች) ቆልፍ፣ ፎር ዊል አስገባና በፊት ጎማ ብቻ ቀስ ብለህ ና። ጭነት ካለህ አራግፍ።

ጭቃ መንገድ ሄጄ ከመጣሁ ወዲህ አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ እጠበው። ሻፍት ላይ የደረቀ ጭቃ ባላንሱን ያዛባል፤ በባልዲ ውሃ የሚድን ነገር ነው። ሻፍቱ ላይ ተበይዳ የምታያት ትንሽ ብረት ግን የባላንስ ማስተካከያ ናት፤ «ትርፍ ብረት» ብሎ የሚፈነቅላት በያጅ እንዳይነካት።