ማሳመን እስከ የት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ለጎረቤቴ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ልላክ ነው። ልጁ ከዚህ በፊት አግብቶ ፈቷል። ቤተሰቡ «ካልጠየቋችሁ አታንሱት» ብሎናል። ዝም ማለት ውሸት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዝምታ ሁሉ ውሸት አይደለም። የልጁን የልጅነት ጥፋት እንዲዘረዝሩ ማንም አይጠብቅብዎትም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ነገ የልጅቷ አባት ቢሰሙ «ይህን ባውቅ ኖሮ እሺ አልልም ነበር» ይላሉ? ይላሉ ብለው ካሰቡ መናገር አለብዎት። ሽማግሌን የሚያምነው የላከው ብቻ አይደለም፤ በሩን ከፍቶ የሚቀበለውም ያምነዋል። ለልጁ ቤተሰብ «እኔው አሳምሬ ልናገረው፤ አይሆንም ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይበሏቸው። በሰላም ተለያይተው ከሆነ እሱንም ይንገሩ። ይህ ማግባባት ነው፣ ነውር የለበትም። ልጅቷ ራሷ መስማቷንም ያረጋግጡ። የምታገባው እሷ ናት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ መምህርት)፦ ስለ ወሎ ረሃብ ስናወራ ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ። ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ግማሹ «ፕሮፓጋንዳ»፣ ግማሹ «እውነት» ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም የያዙት አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ለዓለም ያሳየው ረሃብ እውነት ነው። መንግሥት ደብቆት እንደነበረም እውነት ነው። ደርግ ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ፊልሙን እንዳለ አላሳየም። በረሃብ በሚያልቀው ሕዝብ ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል አስገባበት። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ምስሎቹ አልተፈጠሩም፤ አንዱ ከሌላው ጋር የተገጠመበት መንገድ ግን ተመልካቹ ሳያመዛዝን እንዲቆጣ የታሰበ ነው።

ቁጣው አይገባም ነበር አልልም። ያ ሁሉ የወሎ ሰው አልቆ እንዴት አይገባም? ግን ተማሪዎችዎ ይጠይቁ፦ ድግሱ የተቀረጸው መቼ ነው? ፊልሙ ውስጥ ያስገባውስ ሰው ምን ያገኝበታል? ከዚያ አንድ ነገር ያጥብቁልኝ። «ደርግ ፊልሙን ለራሱ ተጠቀመበት» ከሚለው ተነስቶ «ረሃቡ የተጋነነ ነው» ወደሚለው መዝለል አይቻልም። በዚህ ዝላይ የሞቱት ሰዎች ሁለተኛ ይካዳሉ። ደርግ ራሱ በ1976 የ10ኛ ዓመት በዓሉን ሲያሰናዳ የወሎንና የትግራይን ረሃብ ሸፋፍኗል። ያም ቢሆን በ1967 የታየውን ረሃብ ውሸት አያደርገውም።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ሰኞ ገበያ ከብት እሸጣለሁ። በሬዬን ማሞገስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም። «እንዲህ ያለ በሬ አታገኝም» ማለት የገበያ ወግ መሆኑን ገዢውም ያውቃል፤ እሱም በተራው ያጣጥልብሃል። የሚያነክስ በሬ አስተኝተህ ከሸጥክ ግን ማጭበርበር ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ቤት ውስጥ ስንከራከር ታላቅ ወንድሜ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ አፌን ያዘጋኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ «ዕድሜዬን ተወውና ያልኩት ትክክል ነው አይደለም?» በይው። አንቺም «አንተ ኋላቀር ነህ» ብለሽው ከሆነ ግን ያው ነው፤ ሐሳቡን ትተሽ ሰውየውን ይዘሻል። እዚያው ወሎ አበጋሮች (ባህላዊ አስታራቂዎች) ደም ሲያደርቁ የገዳይም የሟችም ወገን ይደመጣል። ለቤት ክርክር ይህ እንዴት ይበዛል? መጀመሪያ የሱን ሐሳብ በራስሽ አፍ መልሰሽ ንገሪው። «አዎ፣ ያልኩት ይሄን ነው» ሲልሽ መቃወም ጀምሪ።