ከወዳጆች ጋር በባሕር ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ስለ ባሕሩ ውኃ እንቅስቃሴ፣ ስለ ክርና ስለ መጠቅለያ ፍሬን (ዓሣው ሲስብ ክሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ ስለሚወስነው የክር መጠቅለያው ክፍል) የምትጠይቁትን በሰፊው አብራራለሁ፤ የሞተር ጥገና ግን ሙያዬ ስላልሆነ ለባለሙያው ተዉት። የምታጠምዱት ከዳር ይሁን ከጀልባ፣ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ከሥር ያለው አሸዋ ይሁን ድንጋይ ሳትገልጹ «ምን ይሻላል?» ብትሉኝ የሚጠቅማችሁን መልስ ልሰጥ አልችልም። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬቱን ይልበስ፤ መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት እንዳልተያዘ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ለባሕር የሚሻለው ዘንግ የትኛው ነው?

መልስ፦ ዝርዝሩን የጠየቅኩት ለዚህ ነበር። ከዳር ሆኖ አርቆ ለመወርወር ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል፤ ከጀልባ ለማጥመድ ግን 2 ሜትር አካባቢ የሆነ አጭርና ጠንካራ ዘንግ ይበቃል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓሣ በብዛት የሚያዘው ማለዳ ነው ወይስ ማምሻ? እኛ ሁልጊዜ ማለዳ ነው የምንወጣው፤ አንዳንድ ቀን ብዙ እንይዛለን፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የንጋትና የማምሻ ደብዛዛ ብርሃን በእርግጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የባዶ እጅ ቀኖቻችሁ ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ የባሕር ዳርቻዎች ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ብትወጡም አንድ ቀን ውኃው በኃይል ሲሄድ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትደርሳላችሁ። ውኃ ሲሄድ ትንንሾቹን ዓሦችና ሸርጣኖቹን ከተደበቁበት እየጠረገ ያወጣል፤ ትልልቆቹም ከድንጋይ ጀርባ ወይም በመተላለፊያ አፍ ላይ ቆመው ፍሰቱ የሚያመጣላቸውን ይጠብቃሉ። ውኃው ሲቆም ይህ ሁሉ ይቀዘቅዛል።

ፍሰቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አይደለም። ውኃው ለመሙላት የሚፈጀውን ስድስት ሰዓት ያህል ብትከፋፍለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከፍታ አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ አሥራ ሁለተኛ እጅ ይነሣል። ግምታዊ ስሌት ቢሆንም ግማሹ ሙላት በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ እንደሚያልፍ ያሳያል፤ ማጥመጃችሁ ውኃ ውስጥ መሆን ያለበት ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ በተለይም ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ይጠባል። እንግዲህ የወደቡን የሙላት ሰንጠረዥ ሳያዩ ለወዳጆች ቀጠሮ መስጠት የድካማችሁን ግማሽ ለዕድል መተው ነው።

አንድ አባል፦ ሙላትና ጉድለቱ የማይታይበት ባሕርም አለ። እዚያ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እንደ ሜዲትራኒያን ባሉ ባሕሮች በአብዛኛው ስፍራ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። እዚያ ነፋስ የሚገፋውን ውኃ ተከተሉ፤ መርሁ ያው የሚሄድ ውኃ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ጉንጉን ክር ልግዛ ወይስ ነጠላ የናይለን ክር?

አንድ አባል፦ ጉንጉን ክር የሞከረ ሰው ወደ ናይለን አይመለስም። ቀጭን ነው፤ ዓሣው ገና ሲነካው በእጅ ይሰማል።

ሌላ አባል፦ ድንጋይ በበዛበት ሥፍራ ያጠመደ ሰው እንዲህ አይልም። ጉንጉን ክር ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ከተፋተገ ይበጠሳል። ከዚህም ሌላ ስለማይለጠጥ፣ ዓሣው በድንገት ሲዞር መንጠቆው አፉን ቀድዶ ይወጣል።

አንድ አባል፦ ያ የክሩ ጥፋት ሳይሆን የአጥማጁ እጅ ጥፋት ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትናገሩት እውነት ነው፤ የተለያየ ሥራ እያሰባችሁ ስለሆነ ብቻ ነው የማትስማሙት። ጉንጉን ክር በእኩል ጥንካሬ ከናይለን በጣም ይቀጥናል፣ ስለዚህም በጥልቅና በሚሄድ ውኃ ውስጥ ፍሰቱ ብዙ አይገፋውም። ናይለን ይለጠጣል፣ ፍትጊያን ይችላል፣ ጀማሪንም ይታገሣል። የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ዋናው ክር ጉንጉን ይሁን፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥቂት ሜትር ወፍራም ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ነጠላ ክር ይታሰር። ጉንጉኑ ክሩ በሚጠቀለልበት ለስላሳ እንዝርት ላይ ስለሚንሸራተት፣ ከመጠቅለል በፊት ከሥሩ ትንሽ ናይለን አድርጉ። ቋጠሮውን ከማጥበቅ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ቋጠሮ በፍትጊያ ይሞቅና ክሩን ያደክማል። የተወጠረ ጉንጉን ክር በባዶ እጅ አትያዙ፤ ሥጋን ይቆርጣል።

አሁን ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር ልናገር። ትልቅ ዓሣ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በክሩ ዓይነት ሳይሆን በፍሬኑ አያያዝ ነው። ፍሬኑን በእጅ ግምት አታስተካክሉ፤ ክሩን ከመስቀያ ሚዛን ጋር አስራችሁ ሳቡና ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ እንዲለቅ አድርጉት። 10 ኪሎ ለሚችል ክር ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ ማለት ነው። ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥ የሚመጣብን ፈተና ፍሬኑን ማጥበቅ ነው፤ መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ክሩ እያለቀ ሲሄድ እንዝርቱ ላይ የቀረው ጥቅል ይቀጥናል፣ ጥቅሉ በቀጠነ መጠንም ያው ፍሬን ክሩን ይበልጥ ይይዘዋል። ጥቅሉ በውፍረት ግማሽ ሲሆን በክሩ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ውኃ ውስጥ የተዘረጋው ረጅም ክር ውኃው ስለሚይዘው የራሱን ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ዓሣው ሲርቅ ፍሬኑን ትንሽ አላሉት፤ ሲቀርብ መልሱት።

ጥያቄ፦ የትኛውን የመጠቅለያ ብራንድ ይመክራሉ?

መልስ፦ ብራንድ አልመክርም። ለጨው ውኃ የተሠራ፣ ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ የሚለቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ጀልባ ተከራይተን ልንወጣ ነው። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጃኬት፣ ለስድስቱም፣ የተለበሰ። የጀልባዋን የሰው ልክ ከባለቤቱ ጠይቁ፤ ስድስት ሰው ከነዕቃው ትችል እንደሆነ አረጋግጡ። ነዳጁን በሦስት ከፍላችሁ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ቀሪው ለመጠባበቂያ ይሁን። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ንገሩ፤ ከዘገያችሁ ማንን እንደሚጠራ ይወቅ። የባሕር ሬዲዮ ካለ የአደጋ ጥሪ በቻናል 16 እንደሚደረግ ከስድስታችሁ ቢያንስ ሁለቱ ይወቁ፤ አዋቂው እሱ ራሱ ውኃ ውስጥ የወደቀው ሊሆን ይችላልና። መልሕቅ ሁልጊዜ ከጀልባዋ ፊት ይጣል፣ ገመዱም ከጥልቀቱ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይለቀቅ። ከኋላ የታሰረ መልሕቅ ዝቅተኛውን የጀልባዋን የኋላ ክፍል ለማዕበሉ ስለሚያዞር ጀልባዋን ውኃ ሞልቶ ሊያሰምጣት ይችላል።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ ያዞረኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መድኃኒቱን ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ጠይቀው ከመሳፈርዎ በፊት ይውሰዱ፤ ማዞር ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዓይንዎን አድማሱ ላይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ዓሦችን መልሰን እንለቃለን፤ ነገር ግን ከጥልቅ የወጡት ሆዳቸው ተነፍቶ ላይ ይንሳፈፋሉ። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ ዓሦች በውስጣቸው የአየር ከረጢት አላቸው። ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ሲወጡ ያ አየር እጥፍ ይሆናል፤ ከ30 ሜትር ከሆነ ደግሞ አራት እጥፍ። የተነፋውን ዓሣ ወርውሮ መተው ለወፍ መስጠት ነው። በክብደት ወደ ጥልቁ መልሶ የሚለቅ መሣሪያ ስላለ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ የምትፈልጉትን ያህል ከያዛችሁ በኋላ ከጥልቁ ሥፍራ ተነሡ። ዓሣውን በረጠበ እጅ ያዙት፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፋል።

አንድ አባል፦ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ክብ መንጠቆ ሞክሬ አንድም አልያዘልኝም። ዓሣው ሲነካ በኃይል ብስብም ይወጣል።

መልስ፦ ችግሩ መሳብዎ ነው። ክብ መንጠቆ ዓሣው ይዞ ሲሄድ በራሱ ዞሮ የአፉን ጥግ ይይዛል፤ ሆዱ ውስጥ የመግባት ዕድሉም አነስተኛ ነው። ክሩ እስኪወጠር ጠብቀው ቀስ ብለው ይጠቅልሉ።

ጥያቄ፦ ሽታው ደህና ከሆነና በደንብ ከተጠበሰ የባሕር ዓሣ ሁሉ ይበላል?

መልስ፦ አይበላም። ቱናና ማከሬል ሙቀት ላይ ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል የሚመርዝ ንጥረ ነገር ይፈጠርባቸዋል፤ አንዴ ከተፈጠረ እሳት አያጠፋውም፣ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ዓሣው እንደተያዘ ደሙን አፍስሳችሁ በበረዶና በባሕር ውኃ ድብልቅ ውስጥ ክተቱት፤ ድብልቁ ዙሪያውን ስለሚነካው ውኃ ካልተጨመረበት የበረዶ ክምር ይልቅ ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል። በሞቃት ባሕር የኮራል ድንጋይ አካባቢ የሚኖሩ ትልልቅ ዓሦች፣ በተለይ ባራኩዳ፣ ሲጓቴራ የሚባለውን መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ እሱንም መጥበስ ወይም ማቀዝቀዝ አያስወግደውም። ራሱን እንደ ኳስ የሚነፋውን ዓሣ ደግሞ ጨርሶ አትብሉ።

ጥያቄ፦ ለባሕር ጥሩ ዘንግ ቢጠቁሙኝ?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተመልሷል። ከዳር ወይስ ከጀልባ? እባካችሁ የቀደሙትን መልሶች አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መጠቅለያዬ በጥቂት ጊዜ ዛገ። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ሁልጊዜ አጥበዋለሁ።

መልስ፦ ያዛገው ግፊቱ ነው፤ ጨውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ፍሬኑን አጥብቀው በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ ከዚያም ፍሬኑን አላልተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሰንጠረዡ መሠረት ነገ የምንወጣው ውኃው በኃይል በሚጎድልበት ሰዓት ነው፤ ትናንት ጨረቃ ሙሉ ነበረች። የምናልፈው በጠባብ መተላለፊያ በኩል ሲሆን ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል ተብሏል። ፍሰቱ ጥሩ ስለሆነ እንሂድ?

መልስ፦ በዚያ ሰዓት አትሂዱ። የሚወጣው ውኃና የሚገባው ነፋስ መተላለፊያው ላይ ሲገናኙ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባም ትገለበጣለች። ውኃው ጎድሎ እስኪቆም ጠብቁ፤ መሙላት ሲጀምር ፍሰቱና ነፋሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ መተላለፊያው ይረጋጋል። ነፋሱ በዚያን ጊዜም ከበረታ ከዳር አጥምዱ። ለመመለሻችሁም ሰንጠረዡን ዛሬውኑ እዩ፤ ቀጣዩ ጉድለት ከመበርታቱ በፊት መተላለፊያውን አልፋችሁ መግባት አለባችሁ።