ጠበል ጻዲቁንም ቡፌውንም እምቢ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ሀዋሳ ነው፣ የቢሮ ሰራተኛ ነኝ። በቅርቡ ተመርምሬ ሐኪሙ ስኳርሽ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ መድኃኒት ውስጥ ሳንገባ ኪሎ ቀንሺ አለኝ። ቤቴ ስሆን ችግር የለብኝም፣ ከኪሴ አውጥቼም ኬክ ምናምን አልገዛም። የሚጥለኝ ነጻው ነው። ሥልጠና ሲኖር ሆቴል ነው የምንውለው፣ በሻይ ሰዓት ሳምቡሳና ኩኪስ፣ ምሳ ቡፌ። ከዛ በ12 የሚካኤል ማኅበር፣ በ21 የእመቤታችን፣ መሀል ላይ የጎረቤት ዝክር፣ ክርስትና፣ ተዝካር። አልበላም ስል "ጠበል ጻዲቅ ይገፋል እንዴ?" ይሉኛል፣ "በሞቴ" ብለው ያጎርሱኛል። ሲጨንቀኝ ጾም ላይ ነኝ ብዬ ዋሽቼ አውቃለሁ። እምቢ ማለቴ በረከት መግፋት ነው? ደግሞ ኪሎ ለመቀነስ ብዬ ብጾም ጾም ተብሎ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ባንቺ አይደለም በራሴ ነው። እኔም የዚሁ ከተማ ሰው ነኝ፣ ሀዋሳ ደግሞ ታውቂያለሽ የሥልጠና ከተማ ናት፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወርክሾፕ ተብሎ የሚመጣው እዚህ ሐይቁ ዳር ነው። አንዴ የሃይማኖት አባቶችና መምህራን ይገኙ ተብሎ ተጠራሁና ሁለት ቀን ሆቴል ዋልኩ። ጠዋት ቤቴ ፍርፍር በልቼ ነው የሄድኩት፣ ጠግቤ ማለት ነው፣ አራት ሰዓት ላይ ሳምቡሳው ሲመጣ ግን ሦስት በላሁ፣ አራተኛውን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ምሳ ላይ ደግሞ ሩዝ፣ በሩዙ ላይ ጥብስ፣ በጥብሱ ላይ ዓሣ ጉላሽ፣ ሳህኑ ተራራ ሆኖ ታቦርን ሊያክል ምንም አልቀረው። ርቦኝ ነበር? አልራበኝም። ከፋዩ ሌላ ስለሆነ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል በኩል ሳልፍ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትልልቆቹ ወፎች፣ እንደተለመደው ዓሣ አጥማጆቹ እግር ስር ተደርድረው ቆመዋል። ዓሣውን እየበለቱ ሆድ ዕቃውን ሲወረውሩላቸው ይሻሙታል፣ አንዱ ከጉሮሮው የሚበልጥ የዓሣ ጭንቅላት ዋጠና ተሰነቀረበት፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ወደላይ እያየ፣ መትፋትም አልፈለገም መዋጥም አልቻለም፣ ዓይኑ ግን አሁንም ቢላዋ የያዘው ልጅ እጅ ላይ ነው። ቆሜ አየሁትና ወንድሜ አልኩት። ሳምቡሳው እኮ ገና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ዘይቱ ኪሴን አርሶታል።

እና ነገሩ እንዲህ ነው። በገንዘባችን ስንበላ ኪሳችን ይመጥንልናል፣ በሙፍት ሲሆን ግን መጣኝ የለም፣ ሆድ ብቻውን ዳኛ ይሆናል። ኑሮው ደግሞ ተወዷል፣ የተገኘን ምግብ ማለፍ ነውር የሚመስለን ብዙዎች ነን፣ ስለዚህ ሆዳም ነኝ ብለሽ ራስሽን አትራገሚ፣ እጥረትን እያየ ያደገ ሰው እጁ ቶሎ ይዘረጋል።

ግን መጽሐፍ ቅዱስን ብታዪ ነጻ ምግብም ልክ አለው። መና ከሰማይ ወረደ፣ ማንም አልከፈለበትም፣ ቢሆንም ለነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር ተብሎ ተለካ (ዘጸ. 16)፣ ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው ተልቶና ሸቶ ነው ያገኘው፣ እኔም በሳምቡሳዬ አይቼዋለሁ። ድርጭቱም እንዲሁ በነፋስ መጣላቸው፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ሲሰበስቡ አድረው ሥጋው ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሰፍት ወረደ፣ ቦታውም የምኞት መቃብር ተባለ (ዘኁ. 11)። ልብ በይ፣ የተቀጡት ምግቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ሰጪውም እግዚአብሔር ራሱ ነው፣ ችግሩ መጎምጀቱ ነው። ስለዚህ "እግዜር የሰጠውን ለምን ትመልሻለሽ" ለሚሉሽ፣ የሰጠው ጌታ ልክም አብሮ ሰጥቷል በያቸው።

አሁን ወደ ጠበል ጻዲቁ እንምጣ፣ ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቁርባንን እዚህ ውስጥ አትጨምሪው፣ ሥጋ ወደሙ ሌላ ነው፣ እሱ ካሎሪ አይቆጠርበትም። ጠበል ጻዲቅ ግን በጻድቁ ስም የሚሰጥ ምጽዋትና ማዕድ ነው፣ መሠረቱም ማቴዎስ 10 መጨረሻ ላይ ጌታ ጻድቅን በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቁን ዋጋ ይወስዳል ያለው ነው። ያንን ክፍል ዝም ብለሽ ብታነቢው ሁለት ነገር ታገኛለሽ፣ አንደኛ ዋጋው ቃል የተገባው ለሰጪው ነው፣ ለሚበላው ሁለት እንጀራ ጨርስ የሚል የለበትም። ሁለተኛ ጌታ ለምሳሌ ያነሳው ምን መሰለሽ፣ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ! ክትፎ አላለም። ስለዚህ ቄሱ ባርከው ከቆረሱት ዳቦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ወስደሽ አማትበሽ ብትቀምሺ በረከቱን ሙሉ ወስደሻል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው ዶሮ ወጥና ጠላ ግብዣ ነው፣ ግብዣ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ተብሎ ይታለፋል።

የኔ ችግር ከዚህ ይልቅ ውሸቱ ላይ ነው እህቴ። "ጾም ላይ ነኝ" ማለትሽ። ይሄን ቀለል አድርገሽ ነው የጠየቅሽኝ፣ እኔ ግን ከሳምቡሳው ሁሉ እሱ ከበደኝ። ሳትጾሚ ጾመኛ መስለሽ መታየት ጌታ የተቆጣበት ነገር ነው፣ እነዛ ፊታቸውን የሚያጠወልጉት ግብዞች (ማቴ. 6) እንኳ በእርግጥ ይጾሙ ነበር እኮ! ለታይታ ቢሆንም ሳይበሉ ነው፣ አንቺ ደግሞ ቤትሽ ገብተሽ ትበያለሽ። ይሄን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ሌላውን እንኳ ተይው።

ለምን ዋሸሽ ግን? ይሉኝታ ነው። "ስኳር አለብኝ" ብትዪ ሰፈሩ ሁሉ ሊያዝንልሽ ነው፣ "ኪሎ እየቀነስኩ ነው" ብትዪ ደግሞ ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምን ነካሽ ሊሉሽ ነው፣ እኛ ጋ ወፈርሽ ማለት ምርቃት አይደል። እዚህ ጋ ዳንኤልን ተመልከቺ (ዳን. 1)። ከንጉሡ ማዕድ ነጻ ምግብ ነበር የቀረበለት፣ የዛን ዘመን ትልቁ ቡፌ በይው። ማዕዱን አልገለበጠም፣ የሚበሉትንም አልሰደበም፣ አልዋሸምም። አስቀድሞ ኃላፊውን ለብቻው አናገረው፣ እሱ ሲፈራ ደግሞ ከሱ በታች ያለውን አሳዳሪ በትሕትና አስር ቀን ብቻ ሞክረን፣ ጥራጥሬና ውሃ ስጠን አለው። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ አስቀድሞ ማናገሩ ነው። አንቺም የማኅበሩ ተረኛ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ በዋዜማው ደውዪና "እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ነገ እመጣለሁ ግን ቁራሽ ብቻ ነው የምቀምሰው፣ ሰው ፊት እንዳያስቸግሩኝ" በያት። አንዷ ባለቤት ካወቀች ሌሎቹን እሷ ራሷ ታስቆምልሻለች፣ ከመሶቡ ዞር ስትዪ አትቀየምም። ማዕድ ላይ ተቀምጠሽ ሰው ሁሉ እያየሽ ስትከራከሪ ነው እሷን የምታሳፍሪያት።

ጉርሻውስ? "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ከተባለ አንዷን ጎርሰሽ እጅሽን ታጠቢ። የምሬን ነው፣ ተነስተሽ ታጠቢ። እጁ የታጠበን ሰው ብላ የሚል ሰው ጥቂት ነው፣ እጅሽ ወጥ እየነካ ጠግቤያለሁ ብትዪ ግን ማንም አያምንሽም። የሲዳማ ጎረቤቶቻችን ጋ በዘመን መለወጫቸው በጨምበላላ ስትጋበዢ ቡርሳሜው (በቅቤ የራሰው የእንሰት ምግብ) በሻፌታ፣ በሸክላው ሳህን፣ ቀርቦ ቅቤው ሲያብለጨልጭ ያው ነው፣ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ አብሮ መቀመጡ ይበልጣል፣ ትንሽ ቆንጥረሽ አመስግኚ። የጾም ቀን ከዋለ ደግሞ ያኔ እውነቱን ጾም ነው ትያለሽ፣ ሳትዋሺ።

የሆቴሉን ቡፌ በተመለከተ መንፈሳዊ ነገር ብዙ የለውም፣ ምሳሌ 23 ላይ ከሹም ጋር ለመብል ስትቀመጥ ከጎመጀህ ጉሮሮህ ላይ ካራ አድርግ ይላል፣ ከባድ ነው ግን ቡፌ ላይ የቆመ ሰው ይገባዋል። እኔ የማደርገው፣ መጀመሪያ ሳህን ሳልይዝ አንዴ ዞሬ አያለሁ፣ ከዛ አንዴ ብቻ እወስዳለሁ፣ በሻይ ሰዓት ደግሞ ሻዬን ይዤ ወደ ውጪ ሐይቁን ለማየት እወጣለሁ፣ ሳምቡሳው አጠገብ ቆሞ መጸለይ አያዋጣም። ሔዋንም ቆማ እያየች ነው የተሸነፈችው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ለኪሎ ብዬ ብጾም ይቆጠርልኛል ወይ ያልሽው። ዳይቱን ዳይት በይው፣ ጾሙን ጾም። በጾም ሰውነትሽ ቢቀልልሽ ኃጢአት የለውም፣ እሰየው ነው፣ ግን ጸሎት የሌለበት፣ ንስሐ የሌለበት፣ ሚዛን ላይ ለመውጣት ብቻ የተደረገ ረሃብ ከዐቢይ ጾም ጋር አይቆጠርም። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጥኩት ጾም ብሎ ከዘረዘረው አንዱ እንጀራህን ለተራበ መቁረስ ነው፣ እንግዲህ ያልበላሽው ድርሻ የት ሄደ? በማኅበሩ ቀን ያንቺን ድርሻ ሳይነካ፣ ትርፍራፊ ሳይሆን፣ አስቋጥረሽ ገብርኤል በር ላይ ለተቀመጡት ብትሰጪ ያኔ ጾም ጾም ይሸታል። ሐምሌ 19 ስንት ሰው እዛ እንደሚውል ታውቂ የለ።

ደግሞ ጾም ያከሳል ብለሽ እንዳትተማመኚ። በ55ቱ ቀን ወፍረን የምንወጣ አለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ከዛ ፓስታ፣ ድንች ጥብስ፣ በዘይት የተንሳፈፈ ምስር። የእህቴ ልጅ ነርስ ናት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው ስትለኝ የሽሮዬን ድስት ደግሜ አየሁት። ዳንኤልና ጓደኞቹ እንኳ በአስሩ ቀን መጨረሻ ከስተው ሳይሆን ወፍረው ነው የተገኙት፣ አንብቢው፣ በጥራጥሬ ነው! (ዓሣ በጾም ይበላል ወይ የሚለውን የሀዋሳ ጥያቄ ዛሬ አታስነሱብኝ፣ ብቻውን አንድ ጉባኤ ይፈልጋል።)

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር፣ ይሄን የምታነቡ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የጀመራችሁ ካላችሁ በራሳችሁ ውሳኔ ምግብ ዘላችሁ እንዳትውሉ፣ ስኳር ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም አናግሩ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፣ ደካማውን አትጨክንበትም።

አንቺ ግን ገና ጫፍ ላይ ነሽ ተብለሻል፣ ስለዚህ ከሚመጣው 21 ጀምሪ፣ ተረኛዋን ደውይላት። እኔም ሐሙስ ሥልጠና ተጠርቻለሁ፣ ያው ሆቴል ነው። የዛን ቀን ኪስ የሌለው ጋቢ ለብሼ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ጸልዪልኝ።